ዝንቡ ሲሰጥም ጠርሙስ አትግዙ

በማኅበራችን ግሩፕ ቻት የሳን ገብርኤል ወንዝ ጉዞ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ዕቃ ዝርዝር ይዞራል። ዘንጉ ስንት ነው፣ ቦቲ ያስፈልጋል ወይ፣ ዝንቡን የሚያንሳፍፈው ቅባትስ የትኛው ይሻላል? ስለ ዘንጉና ስለ ቦቲው የፈለጋችሁትን ወስኑ። ስለ ቅባቱ ግን ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፤ የተማሪ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ለማታውቁት፦ ድራይ ፍላይ የሚባለው በትንሽ መንጠቆ ላይ በላባና በፀጉር የታሰረ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው። ውሃው ላይ ተንሳፎ ሲወርድ ትራውቱ እውነተኛ ዝንብ መስሎት ከታች ብቅ ይላል። መንጠቆው ብረት ስለሆነ በራሱ ይሰጥማል። ደግፎ የሚያቆመው የውሃው የላይ ቆዳ ነው፤ የስፌት መርፌ በብርጭቆ ውሃ ላይ ቀስ ተደርጋ ስትቀመጥ እንደማትሰጥመው ማለት ነው። የዶሮው አንገት ላባ ክብደቱን ይበትናል፣ የአጋዘኑ ፀጉር ደግሞ በውስጡ አየር ይይዛል። ላባውና ፀጉሩ ውሃ ሲጠጡ ጨዋታው ያበቃል።

ቅባቱ የሚሠራውን እናቶቻችን ያውቁታል። ቅቤ የጠጣ ፀጉር ላይ የዝናብ ጠብታ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። የሱቁ ሲሊኮንም ከዚህ የተለየ ተአምር የለውም። ነገር ግን የሚቀባው ዝንቡ ገና ደረቅ ሳለ፣ ውሃ ከመንካቱ በፊት፣ በጣት ጫፍ በስሱ ነው። የራሰ ዝንብ ላይ ቅባት መለቅለቅ ውሃውን እዚያው መቆለፍ ነው። ብዙ ከተቀባ ደግሞ ላባው ተጣብቆ እንደ ጭቃ ድብልብል ይሆናል። ከዳክዬ ጅራት ሥር ካለው የቅባት ዕጢ ዙሪያ በሚነቀለው ላባ የተሠሩትን፣ ሲዲሲ የሚባሉትን ዝንቦች ደግሞ ጄል ጨርሶ አታስነኳቸው። ለእነሱ የሚሆነው ደረቁ ዱቄት ብቻ ነው።

የጣና ታንኳ ይህን ከማንኛውም ካታሎግ በተሻለ ያስተምራል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከሥራው ሲመለስ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ እንዲያደርቀው ዳር ላይ ያቆመዋል። ታንኳ ቀቢ የሚባል ባለሙያ መኖሩን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው ማድረቅ ነው፤ የዝንቡም እንደዚያው። ዓሣ ከያዘ በኋላ ዝንቡ በዓሣው ልጋግ ይለወሳል። መጀመሪያ በወንዙ ውሃ ማለቅለቅ፣ በጨርቅ ወይም በናፕኪን ጭምቅ ማድረግ፣ እፍ ማለት፣ ዱቄቱ ውስጥ መነቅነቅ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ ማወዛወዝ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዝንቡ አይደለም። ፈጣኑ ውሃ ገመዱን ቀድሞ ሲጎትተው ዝንቡንም ይዞት ይገባል። ያኔ ገመዱን አንስቶ ወደ ላይኛው ውሃ መመለስ ነው እንጂ ሌላ ጠርሙስ መክፈት አይረዳም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣን ስለዚህ ስናወራ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አባባ «ይዛችሁ ከለቀቃችሁት ታዲያ ለምን ያዛችሁት ልጆቼ? በምግብ ይቀለዳል?» ብለውናል። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፤ ከእኛ ብዙዎቹ የሳቁበት ሳያስቡት ይመስለኛል። ለእርሳቸው ያለኝ መልስ ግማሽ ብቻ ነው። በዌስት ፎርክ፣ ወደ ኮግስዌል ግድብ በሚወስደው የላይኛው ክፍል፣ ትራውት ይዞ ወደ ቤት መሄድ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ እሾህ በሌለው መንጠቆ ነው። ለመብላት የፈለገ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። ለመልቀቅ ከሆነ የምንሄደው ግን ዓሣውን በትንሹ መጉዳት ግዴታችን ነው። ተንሳፋፊ ዝንብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ዓሣው ሲነሳ ይታያል፣ መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩን ይይዛል፣ ቶሎ ይለቀቃል። የሰጠመ ዝንብ ሲወሰድ የምናውቀው ዘግይተን ሊሆን ይችላል።

የዚያ ወንዝ ትራውት ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ነው። የባሌው እንግዳ ነው፤ በዲንሾ አካባቢ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ዘር ነው። የሳን ገብርኤሉ ግን ከከተማው በፊት የነበረ ነው፤ ዛሬ ግድቦች ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ዘግተውበታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የቦብካት እሳት የተነሳው ከኮግስዌል ግድብ አጠገብ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ብሪጅ የተባለው እሳት በኢስት ፎርክ በኩል አለፈ። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሲቃጠል ውሃው ይሞቃል፣ ዝናብ ሲመጣ አመዱ ይወርዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ68 ፋራናይት፣ ሲያልፍ ትራውት መተንፈስ ይከብደዋል። ያን ጊዜ ተይዞ የታገለ ዓሣ ዋኝቶ ሲሄድ ቢታይም በኋላ ሊሞት ይችላል። አባባ በዚህ ሰዓት ቢያዩን ትክክል እርሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ አባል የቅባት ጠርሙስ መግዛት ይቅር፤ ለሁላችን አንድ ዕቃ ዱቄት፣ አንድ የውሃ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ውርወራውን አስቀድመን በፓሳዴና፣ ታችኛው አሮዮ ሴኮ ባለው የመወርወሪያ ገንዳ እንለማመድ። ዓሣ ስለሌለበት ላይሰንስ አይጠይቅም። ወንዙ ላይ ግን 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የካሊፎርኒያ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፤ ደንቡም በየጊዜው ስለሚታደስ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰው ያንብበው። የተመረቃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መኪና ያላችሁ፣ በጉዞው ቀን አግዙን። ከሊትል ኢትዮጵያ ተነስተን፣ በአዙሳ በኩል በ39 ቁጥር መንገድ ሽቅብ ወጥተን፣ ውሃው ሳይሞቅ መድረስ አለብን። መነሻችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ በፈረንጅ 5፡30 ማለት ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ አይደለም። ቴርሞሜትሩ 20 ካሳየ ዘንጉን አጣጥፈን፣ የያዝነውን ምሳ በልተን እንመለሳለን።