የተሰበረ ባሌስትራ ከማን ኪስ ይከፈላል?

ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያስገባ ነጋዴ የኩንታሉን ዋጋ ሲያሰላ የገበሬውን፣ የጆንያውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውንና የመኪና ኪራዩን አንድ በአንድ ይደምራል። በደብተሩ ውስጥ ቦታ የማያገኝ አንድ ወጪ ግን አለ። እርሱም መኪናው ተሰብሮ መንገድ ላይ የቆመበት ሰዓት ነው። ይህ ወጪ ደረሰኝ ስለሌለው «የዕድል ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ የዕድል ሳይሆን የሒሳብ ነው።

ሉማሜን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎሃ ጽዮንና በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ጤፍና ስንዴ አብቃይ እንደመሆኑ ከየገጠሩ የተሰበሰበው እህል በአይሱዙና ከዚያ በከበዱ መኪኖች እየተጫነ ይወጣል። ጭነቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ሳይሆን ወደ ቀበሌዎቹ ከሚገባው የጠጠር መንገድ ነው። ባሌስትራን የሚፈትነው አንደኛው መንገድ ይኸው ነው። ሁለተኛው ፈተና ከደጀን በኋላ ይመጣል። መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ላይ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ስለዚህ ሉማሜ ላይ የታየ ስንጥቅ እዚያው መፍትሔ ማግኘት አለበት። ዓባይ በረሃ ውስጥ መፍትሔ ፍለጋ አይጀመርም።

«ባሌስትራ» ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው። በዚያው ቋንቋ ቀስት የሚወረወርበትን መሣሪያም ይጠሩበታል። ሥራውም እንደ ስሙ መለጠጥና መመለስ ነው። የተለያየ ርዝመት ያላቸው የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው መሃላቸው ላይ በአንድ ብሎን ይያያዛሉ፤ ከአክስሉም ጋር በዩ ቅርጽ ብሎኖች ይታሰራሉ። ጫፉ የተጠቀለለው አንደኛው ባሌስትራ ከሌሎቹ ጋር ጭነት ከመሸከሙ በተጨማሪ አክስሉን በቦታው ይይዛል። በመሆኑም እርሱ ሲሰበር መኪናው ማዘንበሉ ብቻ ሳይሆን አክስሉ ከቦታው ሊሸሽ ይችላል። የመሃሉ ብሎን ሲቆረጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ መኪናው ጎን ጎኑን መሄድ ይጀምራል። ሾክ አብዞርበር ሲበላሽ መኪናው ይንገጫገጫል፤ አንደኛው ባሌስትራ ሲሰበር ግን ይቆማል።

«ችግር በቅቤ ያስበላል» እንዲሉ፣ የመንገድ ላይ ጥበብ የሚታየው ይህን ጊዜ ነው። ጭነቱ በከፊል ይወርዳል። ረዳቱ ክሪክ አስገብቶ ሻንሲውን ከፍ ያደርግና በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ተጠርቦ የተስተካከለ የእንጨት ጉማጅ ይሰካል። አክስሉ እንዳይሸሽ በሰንሰለት ይታሰራል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ደግሞ እንጨቱ አፈትልኮ እንዳይወጣ ይጠመጠምበታል። መኪናው እንደ ጋሪ እየነጠረ፣ እግረኛ በሶምሶማ ሊደርስበት በሚችል ፍጥነት፣ አቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ይገባል። ስብራቱ የፊት እግር ላይ ከሆነ ግን መሪን ስለሚነካ ልምድ ያለው ሾፌር ይህንንም አይሞክርም።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነት «መፍትሔ» አለ። እርሱም ብየዳ ነው። የባሌስትራ ብረት እንደ በርና መስኮት ብረት ተራ አይደለም። በእሳት ግሎ፣ ቀዝቅዞና ተመልሶ ሞቆ የመለጠጥ ባሕርይ እንዲኖረው የተደረገ ብረት ነው። ብየዳው ይህንን ባሕርይ ያጠፋዋል። የተበየደበት አካባቢ አንዱ ጎን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሲሆን ሌላው ይልማል። ላዩ ተሞርዶና ቀለም ተቀብቶ ደህና ቢመስልም ከሙሉ ጭነት ጋር ጥቂት ጉድጓድ ካለፈ በኋላ እዚያው አጠገቡ ይሰበራል። እንጨቱና ሰንሰለቱ ጊዜያዊ መሆናቸውን ማንም አይቶ ያውቃል። ብየዳው ግን ጊዜያዊ ሆኖ ሳለ ዘላቂ መስሎ ይታያል። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በኢኮኖሚ ቋንቋ ካየነው የመንገድ ላይ ጥገና የአጭር ጊዜ ብድር ነው። ሾፌሩ የዛሬውን ጉዞ ከነገው ደኅንነት ተበድሮ ይጓዛል። ወለዱ ቀስ ብሎ መሄድና ጭነት መቀነስ ነው። የመክፈያ ቀኑ ደግሞ የሚቀጥለው ጋራዥ የተገኘበት ሰዓት ነው። በዚህ ውል የተወሰደ ብድር ጠቃሚ ነው፤ ብዙ እህልም ከዝናብ አድኗል። ችግር የሚፈጠረው ብድሩ ሳይከፈል ሲራዘም ነው። «እስከ ደጀን» የታሰበው እንጨት «እስከ ጎሃ ጽዮን»፣ ከዚያም «እስከ አዲስ አበባ» ይባላል። በዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ግፊት የሚቀበለው ያ በሰንሰለት የታሰረው አክስል ነው። በዚያ ጊዜ ብድሩ የሚጠየቀው ከባለንብረቱ ኪስ ሳይሆን ከሾፌሩና ከረዳቱ ሕይወት ነው።

ከመጠን በላይ መጫን ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ከሚባለው ይመደባል። እስቲ ቁጥር እናስገባ። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ዋጋ ተክቶ ማስላት ይችላል። 50 ኩንታል መጫን የሚገባው መኪና 60 ጫነ እንበል። ኪራዩ በኩንታል 200 ብር ቢሆን የ10 ኩንታሉ ትርፍ በአንድ ጉዞ 2,000 ብር ነው። አንደኛው ባሌስትራ ቢሰበር የዕቃውና የእጅ ዋጋው 12,000 ብር፣ ሁለት ቀን መቆሙ በቀን 4,000 ብር ሒሳብ 8,000 ብር፣ እህሉን ማውረድ፣ ማስጠበቅና መልሶ መጫን 4,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ይህ ማለት በትርፍ ጭነቱ ምክንያት በየ12 ጉዞው አንድ ጊዜ የሚሰብር መኪና ከትርፍ ጭነቱ ያገኘው ዜሮ ነው። ከዚያ ባነሰ ጉዞ ከሰበረ ደግሞ በኪሳራ እየጫነ ነው።

አሁን ያው መኪና ተመሳሳይ ባሌስትራ ይዞ ቢሆን ወይም ሉማሜ ላይ ቢያገኝ ብለን እናስላ። ዕቃና የእጅ ዋጋው ያው 12,000 ብር ነው። የቆመው ግማሽ ቀን ስለሆነ 2,000 ብር ይጨመራል። እህሉን ወደ መጋዘን ማስገባትና ማስጠበቅም ስለሚቀር ወጪው በ14,000 ብር አካባቢ ያበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው 10,000 ብር የብረት ዋጋ አይደለም። ብረቱ በሰዓቱ የመገኘቱ ዋጋ ነው። መለዋወጫ ይዞ መሄድን «ገንዘብ ማሰር ነው» የሚል ባለንብረት ይህንን ቁጥር ከታሰረው ገንዘብ ወለድ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።

ጉዳቱ በመኪናው ላይ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የተደረገው ታዋቂው የመንገድ ሙከራ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል እንደማያድግ፣ በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለሆነም አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት በ20 በመቶ ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት እጥፍ ይሆናል። የተጎዳው መንገድ ደግሞ ተመልሶ የሚቀጥለውን መኪና ባሌስትራ ይሰብራል። የአንዱ ትርፍ ጭነት የሌላው ስብራት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ አስተዋይ ነጋዴዎች ይህንን ለምን ያደርጋሉ? ምክንያቱ ሒሳቡ በአንድ ሰው ደብተር ላይ አለመገኘቱ ነው። ኮሚሽኑን በኩንታል የሚያሰላ ደላላ ኩንታል ሲበዛ ይጠቀማል። የእህሉ ባለቤት በአንድ መኪና ብዙ ሲጫንለት ደስ ይለዋል። ስብራቱ ሲመጣ ባለንብረቱ ዕቃውን፣ ሾፌሩ ሌሊቱን፣ የእህሉ ባለቤትም ገበያውን ይከፍላሉ። የእያንዳንዱ ድርሻ ቀድሞ ስላልተወሰነ ጠብ ይነሳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዕቃዎች የየብስ ማጓጓዝ አዋጅ ቁጥር 547/1999 የአጓጓዥን ኃላፊነት የሚመለከት ቢሆንም፣ ከገጠር ገበያ የሚነሳው ጭነት በብዛት የሚንቀሳቀሰው በቃልና በስልክ ነው።

ከቤት ርቆ መሰበር ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በሰፈሩ የሚታወቅ ሾፌር ከለመደው መካኒክ ዘንድ ዕቃ በዱቤ ይወስዳል። ሉማሜ ላይ ግን ያ ስም አይሠራም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ገንዘብ በደቂቃ ይደርሳል። ብረት ግን በስልክ አይላክም። የጎደለው ብር ሳይሆን ዕቃው ነው። በአነስተኛ ከተማ ያለ መካኒክ ደግሞ የየሞዴሉን ባሌስትራ ገዝቶ ለማስቀመጥ ካፒታሉ አይፈቅድለትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ማከማቸት ለመካኒኩ የባሰ ከባድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገዱ በተለያየ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከከተማ ውጭ ቆሞ ማደር ከገንዘብ በላይ ያስከፍላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቀጥቃጩም አንድ ነገር መባል አለበት። የተጣለ ባሌስትራ በገጠር ተፈላጊ ጥሬ ዕቃ ነው። ቀጥቃጭ አግሎ ማረሻና መጥረቢያ ይሠራበታል። ጤፉን ያበቀለው ማረሻ ትናንት ጤፍ ሲሸከም የተሰበረ ብረት ሊሆን ይችላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቢቀንስም ባለሙያው እስከ ዛሬ በባንክ ደጃፍ እንደ ነጋዴ አይታይም። ብረት የማጋልና የማቀዝቀዝ ጠባይን በእጁ የሚያውቀው ይህ ሰው ጥቂት መሣሪያና ሥልጠና ቢያገኝ፣ የመንገድ ላይ ጥገናውን ከግምት ወደ ሙያ ሊያሸጋግረው ይችላል።

ምን ይደረግ ቢባል መፍትሔው ትልቅ ድርጅት መክፈትን አይጠይቅም። አንደኛ፣ ባለንብረቱ በመኪናው ውስጥ አንድ አንደኛ ባሌስትራ፣ ሁለት የመሃል ብሎን፣ ከነዳዶው የዩ ቅርጽ ብሎን፣ ሰንሰለትና የተጠረበ ጉማጅ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ በዚህ መስመር የሚሠሩ ነጋዴዎችና ባለመኪናዎች ተዋጥተው ሉማሜ ላይ በአንድ ታማኝ መካኒክ ዘንድ በብዛት የሚፈለጉትን ዕቃዎች በአደራ ያስቀምጡ። መካኒኩ ሲሸጥ ይክፈል፤ ያልተሸጠው የባለቤቶቹ ነው። ሦስተኛ፣ ሲጫን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የኩንታሉ ልክና መኪናው ቢቆም የየቀኑን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይጻፍ። ከልኩ በላይ ያስጫነ ወገን ከስብራቱ ድርሻ የሚወስድ ከሆነ፣ «ሌላ አምስት ጨምርበት» የሚለው ድምፅ ራሱ ይቀንሳል። አራተኛ፣ በእንጨት የተደገፈ መኪና ጭኖ ወደ ዓባይ እንዳይወርድ ባለንብረቱ ለሾፌሩ አስቀድሞ ይንገረው፤ በዚህ ምክንያት ላረፈደ ሾፌርም አበሉን አይቁረጥ።

አራተኛው ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው። ሾፌሩ እንጨቱን አስሮ «እስከ አዲስ አበባ ያደርሰኛል» የሚለው ድፍረት ስላለው ብቻ አይደለም። ቢዘገይ ከማን ኪስ እንደሚቆረጥ ስለሚያውቅ ነው።