ባትሪን በቤት ውስጥ ስለ ማኖርና ስለሚገባው ጥንቃቄ

በዚህ ሳምንት ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ምክር ስለ ባትሪ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅማ መንገድ በሰበታ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ ቤት ሠርተው የተቀመጡ ሰዎች እጅግ በዝተዋል፤ ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቤቱ አልቆ ቆጣሪው እስኪገባ ድረስ፣ ከገባም በኋላ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ባለቤቱ በፀሐይ ወይም ከመስመር የሚሞላ ባትሪ ገዝቶ ያስገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዓቅም አለው። ዳሩ ግን ኃይሉ ከግድቡ እስከ ቤታችን የሚደርሰው በብዙ ምሰሶና በብዙ ትራንስፎርመር አልፎ ስለ ሆነ፣ ከነዚህ አንዱ ሲጎዳ ሠፈሩ ይጨልማል። ስለዚህ ባትሪ ማኖር የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ የሚነቀፈው ያለ ሥርዓት ማኖሩ ነው።

ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን፣ ተሞልቶ እንደ ገና የሚያገለግለውን ባትሪ ካወጣ ወዲህ፣ ይህ ዕቃ ለሰው ልጅ ብዙ ጠቅሟል። ጭስ የለውም፤ ድምፅም የለውም። ዝምተኛ ስለ ሆነም ይረሳል። ደግሞም «12 ቮልት ሰውን አይመታም» እየተባለ ይናቃል። በደረቅ እጅ ለነካው ሰው ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት ጫፎች በመፍቻ ወይም በሽቦ በቀጥታ ቢገናኙ ከ1,000 አምፔር የሚበልጥ ኃይል በአንድ ጊዜ ይፈሳል፤ ብረቱ ይግላል፤ የሽቦው ልባስ ይነድዳል። ስለዚህ ባትሪ የሚነካ ሰው አስቀድሞ ቀለበቱንና አምባሩን ያውልቅ፤ ወርቅም ቢሆን ያው ብረት ነውና ጣትን ያቃጥላል።

መጀመሪያ የሚገባው ልክን ማወቅ ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በጠቅላላው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በታች ዘወትር ቢራቆት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የምንቈጥረው 600 ዋት ሰዓቱን ብቻ ነው። በዚህም እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች፣ አንድ 60 ዋት ቴሌቪዥንና ጥቂት የስልክ መሙያ አምስት ሰዓት ያህል ያገለግላሉ። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጠይቅ ለእንዲህ ያለው ባትሪ ፈጽሞ የተገባ አይደለም። እመቤቲቱ ይህን አስቀድማ ብታውቀው ከብዙ ክርክር ትድናለች።

ሁለተኛው ፊውዝ ነው። ከባትሪ 1,000 ዋት የሚያወጣ ኢንቨርተር፣ በውስጡ የሚባክነው ሲጨመር፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 100 አምፔር ይስባል። በቀጭን ሽቦ ቢሠራ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። እንግዲህ ሽቦው አጭርና ወፍራም፣ ለዚህ ልክ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ፊውዙም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ስፍራ ይግባ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። የፊውዙ ልክ ዕቃው ከሚስበው ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚችለው ግን ያነሰ ይሁን። ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ መተካት ዘበኛን አባሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ሦስተኛው ስፍራው ነው። ውሃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በክፍሉ አየር ውስጥ ከመቶው 4 እጅ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ከአየር የቀለለ ስለ ሆነም ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ስለዚህ የአየሩ መውጫ በግድግዳው አናት፣ መግቢያው በታች በኩል እንዲሆን ያስፈልጋል። በዚያ ክፍል ከሰል፣ ሻማና ሲጋራ አይግቡ። አሲዱ ዓይንን ወይም ቆዳን ቢነካ፣ ሳይዘገዩ በንጹሕ ውሃ ከ15 ደቂቃ ያላነሰ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲሆን መሙላት ያበላሸዋል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ያለች ውርጫም አገር ስለ ሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በደጅ ባለ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማኖሩ አይመከርም። በከፍታ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ ኢንቨርተርም እንደ ቆላው አይበርድም፤ ከፋብሪካው የመጣውን መጽሐፍ አንብቦ ጭነቱን መቀነስ ይገባል።

በዚህ በሦስተኛው ነገር ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለው ልማድ አለ። ብዙ ባለቤቶች ባትሪው ከሳሎን እንዳይታይ ብለው በዘበኛው ክፍል ወይም የቤት ሠራተኛይቱ በምትተኛበት ጓዳ ያኖሩታል። ያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ መስኮቱም ይዘጋል። በቅዝቃዜው ወራት ከሰል የሚገባበት ጊዜም አይታጣም። ለልጃችን አልጋ አጠገብ የማንፈቅደውን ዕቃ፣ እኛ እንድንተኛ ለሚነቃው ሰው አልጋ አጠገብ ማኖር ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ባትሪ ማንም የማይተኛበት፣ አየር ያለው፣ ልጅ የማይደርስበት የራሱ ስፍራ ይፈልጋል። ይህን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

አራተኛው ከመንግሥት መስመር መለየት ነው። አንዳንድ ሰው መብራት ሲጠፋ የኢንቨርተሩን ኃይል በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ይመልሳል። ኃይሉም በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭው ሽቦ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ሲያገኘው በሺህ ወደሚቈጠር ቮልት ሊያወጣው ይችላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። ይህንን የሚከለክለው ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርገው ቼንጅኦቨር የተባለው ማቀያየሪያ ነው። እርሱንም የሚያስገባው የታወቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ሠፈር ውስጥ የተገኘ ሁሉ አይደለም።

ከሰበታ ወዲያ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ወይም ወደ ሌላ ስፍራ በመኪናና በተሳቢ ወጥቶ ለሚያድር ቤተ ሰብም ሥርዓቱ ያው ነው። የሚጨመረው፣ መንገድ ስለሚያናውጥ ባትሪው በጠፍር በጽኑ ይታሰር፤ የሽቦዎቹም ማሰሪያ ከጉዞ በኋላ ይፈተሽ የሚለው ነው። ባትሪው አለቀ ተብሎ ጄኔሬተር በድንኳን ወይም በተሳቢው ውስጥ አይነሣ፤ ለሙቀትም ከሰል አይግባ። ከሁለቱም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ሲሆን የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

የቤት ጌታ ክብር በቤቱ ብርሃን ብዛት ብቻ አይለካም፤ በጣሪያው ሥር ያደረው ሁሉ በደኅና ሲነጋለትም ነው። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ባትሪው ካለበት ስፍራ ራሳቸው ሄደው ፊውዙን፣ መስኮቱን፣ በአጠገቡም የሚተኛውን ሰው ይመልከቱ። የጎደለ ነገር ቢያገኙ እስኪታረም ድረስ ባትሪውን አለያይተው በአንድ ሻማ ቢያመሹ፣ ጉዳቱ የአንድ ሌሊት ጨለማ ብቻ ነው።