በገዛ ቤታችን ደጅ ጥናት

ከእኛ መካከል የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድር ስሌት በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ትቶ የሚመጣ ብዙ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሊመለከተው ሲሞክር ግን መልስ አያገኝም። መብራት አልጠፋም፤ የወሩም ሒሳብ ተከፍሏል። በሩ የተዘጋው በመሥመሩ ባለቤት በኩል ነው።

ምክንያቱን በቅን ልቡና መመልከት ይገባናል። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት የሚይዘው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ለየክፍለ ዓለሙ ይታደል የነበረው ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል። ስለዚህ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ቤቶች ያካፍላሉ። ነገሩ መንደሩ በሙሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ መጠቀም ነው፤ ለላክነው ደብዳቤ መልሱ ይደርሰናል፤ እኛ ሳንጽፍለት የጻፈልን ሰው ደብዳቤ ግን የማን እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ወድቆ ይቀራል። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ ደንበኛው በቤቱ ሰርቨር እንዳያቆም በውላቸው ይከለክላሉ።

የቁጥሩን እጥረት እንረዳለን። የማንቀበለው፣ ውሉን ስንፈርም ይህ ገደብ ሳይነገረን መቅረቱን ነው። እጥረቱን የሚያስወግደው አዲሱ ሥርዓት፣ አይፒቪ6፣ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ እነሆ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

እስከዚያው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የቤቱ ኮምፒዩተር ራሱ፣ አድራሻው ከውጭ ወደሚታወቅ ሌላ ኮምፒዩተር ይደውልና መሥመሩን ይዞ ይጠብቀን፤ እኛም በዚያው መሥመር ተመልሰን እንግባ። ኤስኤስኤች የተባለው መሣሪያ ይህን ይሠራል። መሣሪያው ራሱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ ታቱ ይሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነበር። ይህም ያስጠነቅቀናል። ለእኛ የተከፈተ በር ለሌባም ይከፈታልና በይለፍ ቃል ፈንታ በቁልፍ ፋይል እንጠቀም። ውላችንንም አስቀድመን እናንብብ፤ የሚከለክል ከሆነ ፈቃድ እንጠይቅ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አገልግሎት ሰጪዎች ገደቡን በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ አዲሱንም አድራሻ ለቤት ደንበኞች ያዳርሱ። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል መምህራኖቻችን ለመገናኛ የሚሆን አንድ ኮምፒዩተር ይመድቡልን። ማኅበራችንም ችግሩ የደረሰባቸውን ተማሪዎች መዝግቦ በአንድ ማመልከቻ ያቅርብ። ለየብቻችን ስንደውል «ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት» ከመባል በቀር ያገኘነው መልስ የለምና።