ህጉ ተቀየረ ሲሉን «ለማን?» ብለን እንቁጠር

ዛሬ የምጽፈው እንደሌላው ጊዜ የሚያስለቅስ ታሪክ አይደለም፣ ስለ ቁጥር ነው። «እኛና ቁጥር ምን አገናኘን» እንዳትሉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ ግን ነገሩ ደሞዛችንንና እረፍታችንን ስለሚነካ ሀሳቤን ልበል።

የምሰራው ሳዑዲ ነው። የማዳሜ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትማራለች። ኮምፒውተሯ ላይ በአንድ በኩል የአገር ስም፣ ከላይ ዓመተ ምህረት፣ መሃሉ ሁሉ ቁጥር የሆነ ሰንጠረዥ አይቼ ጠየቅኳት። ህግ እንዴት እንደሚቀየር በዳታ የሚጠናው እንዲህ ነው አለችኝ። አሰራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጥያቄ ይወጣል፣ ለምሳሌ «ህጉ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጣል ወይ?» የሚል። ካለ 1፣ ከሌለ 0 ይጻፋል። ለየአገሩ በየዓመቱ ሲሞላ ህጉ መቼ እንደተሻሻለ፣ መቼ ወደ ኋላ እንደተመለሰ፣ ማን ማንን እንደተከተለ ይታያል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የ117 አገሮችን የሰራተኛ ህግ ከ1970 እስከ 2013 በ40 ጥያቄ እንዲህ ቆጥረውታል። (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

እኔም ማታ ማታ እኛ ያለንባቸውን አገሮች በደብተሬ ሞላሁ። ዮርዳኖስ በ2008 የቤት ሰራተኛን የሰራተኛ ህጓ ውስጥ አስገባች። ሳዑዲ በ2013 ለቤት ሰራተኛ ደንብ አወጣች። ኩዌት በ2015 ህግ ቁጥር 68ን አወጣች፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይላል። ኳታርና ኤምሬትስ በ2017 ተከተሉ። በአስር ዓመት ውስጥ አምስት አገር ማለት ነው። ባህሬን በ2012 የዓመት ፈቃድ ስትሰጠን የሳምንት እረፍቱን ተወችው። ሊባኖስ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ የሰራተኛ ህጓ እኛን በስም ለይቶ ያስወጣል። በ2020 ሻል ያለ የኮንትራት ፎርም አውጥታ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ የመንግስት ጉዳዮችን የሚያየው ፍርድ ቤት አገደው። ህግ ወደ ኋላም ይሄዳል ማለት ይሄ ነው።

ደብተሩን ላየው ሰው ነገሩ ደስ ይላል፣ 1 በ1 ሆኗል። ግን 1 ብቻውን ያታልላል። የሳዑዲ የ2013 ደንብ «በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ እረፍት» ነበር የሚለው። ከ24 ላይ 9 ቀንሱ፣ 15 ሰዓት ያሰራሻል ማለት ነው። የኩዌቱ እስከ 12 ሰዓት፣ የኳታሩ እስከ 10 ሰዓት ይላል። ሳዑዲም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በስራ ላይ በዋለው አዲሱ ደንብ ወደ 10 ሰዓት አውርዳዋለች። «ሰዓት ተወስኗል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉም 1 ነው። ለኛ ለምንቆመው ግን 15 እና 10 አንድ አይደለም።

ሌላው ደግሞ ወረቀቱና ቤቱ አይገናኙም። የኳታር ህግ በ2017 ወጣ ብያለሁ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እዛ የሚሰሩ 105 የቤት ሰራተኞችን አነጋግሮ በ2020 ሪፖርት አወጣ። ከ105ቱ 90ዎቹ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ይሰራሉ። 89ኙ ሰባቱንም ቀን ይሰራሉ። የ87ቱን ፓስፖርት አሰሪዎቻቸው ይዘውታል። ህጉ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎት ነው ይሄ። «105 ሴት ሁሉንም አይወክልም» የሚል ይኖራል፣ እሺ ልክ ነው። ግን ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት፣ ስልክ የተነጠቀችው እህታችን ለጠያቂ መልስ የምትሰጠው መቼ ነው? ዝም ያለችው አልተቆጠረችም።

ከሁሉም የገረመኝ የዓለም ባንክ ነው። «ሴቶች፣ ንግድና ህግ» የሚል ሪፖርት አለው፣ የ190 አገሮችን ህግ ለሴት ምን ያህል ይመቻል ብሎ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። በ2020ው ሪፖርት ሳዑዲ ከ31.8 ወደ 70.6 ዘለለች፣ በዛ ዓመት ከማንም አገር በላይ ማለት ነው። ሴቶቹ ያለ ወንድ ፈቃድ ፓስፖርት ማውጣት፣ መጓዝ ተፈቀደላቸው። ይገባቸዋል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያ ነጥብ የሚሰጠው ለየትኛዋ ሴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አጥኚዎቹ አገር ከአገር ለማወዳደር አንዲት ሴት በሀሳብ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ዜጋ ናት፤ 60 ሰራተኛ ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። አስቡት እህቶቼ! እኛ ዜጋም አይደለንም፣ ካሸርም አይደለንም። ነጥቡ ሲዘል እኛ ወጥ ቤት ነበርን። በ2021 ሳዑዲ ሰራተኛ ያለ አሰሪው ፈቃድ ስራ እንዲቀይር፣ ከአገር እንዲወጣ የሚል ለውጥ ስታመጣም የቤት ሰራተኛ ከዛ ውጪ ተደርጋለች።

ባንኩ ራሱ በ2024 ሪፖርቱ ህጉንና ህጉን የሚያስፈጽመውን ነገር ለየብቻ ቆጠረ። በዓለም ደረጃ ህጉ ሴቶች ካላቸው መብት አንጻር ከ100 ወደ 64 ሲሆን፣ የሚያስፈጽመው ግን 40 እንኳን አልሞላም። ወረቀቱ ይቀድማል፣ ቤቱ ኋላ ይቀራል። ይሄንን እኛ ያለ ሪፖርትም እናውቀው ነበር።

እና የኔ ሀሳብ ምንድነው? ቁጥር ይጥፋ አልልም። እኛም መቁጠር አለብን ነው የምለው። እዚህ ገጽ ላይ በየቀኑ ታሪክ ይለጠፋል። «አይዞሽ» እንላለን፣ እንጸልያለን፣ ከሳምንት በኋላ ታሪኩ ወደ ታች ወርዶ ይጠፋል። «ቁጥር እንባ አያብስም» የምትል እህት ትኖራለች፣ እውነቷን ነው። ግን አንዲት ሴት ብቻዋን «እረፍት የለኝም» ስትል «ቤቱ አልቀናትም፣ እድሏ ነው» ትባላለች። ሁለት መቶ ሴት ከአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ያንኑ ስትናገር ማነው እድል ነው የሚል? ህጉ ቤት እንዳልገባ ማስረጃው ያ ነው።

ለራስም ይጠቅማል። እኔ መጀመሪያ በሰራሁበት ቤት 26 ወር ቆይቼ ለእረፍት የወጣሁት 4 ቀን ብቻ ነው፣ አራቱንም ከነቀኑ ጽፌዋለሁ። የአገሩ ህግ ግን ያኔም በሳምንት አንድ ቀን ይላል። 26 ወር ከ110 ሳምንት በላይ ነው። ከ100 በላይ የእረፍት ቀኔ ወዴት ሄደ? ስወጣ የሦስት ወር ደሞዜን ሊክዱኝ ሲሉ ግን ደብተሩ ደረሰልኝ። የተቀበልኩበትን ቀን አንድ በአንድ ስጠራላቸው የሁለቱን ወር ከፈሉኝ።

ስለዚህ ታሪካችሁን ስትጽፉ እነዚህን አምስት ነገሮች ጨምሩበት፦

1. የየት አገርና የየትኛው ዓመት እንደሆነ።
2. ኮንትራቱ ላይ ያለው የስራ ሰዓትና እውነተኛው ሰዓት።
3. በወር ስንት ቀን እንዳረፋችሁ።
4. ደሞዝ በስንት ቀን እንደሚገባ፣ በእጅ ነው ወይስ በባንክ።
5. ፓስፖርታችሁ ማን ጋ እንዳለ።

የአሰሪ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ ፎቶ አትለጥፉ። በነዚህ አገሮች እሱ ራሱ ሊያስከስሳችሁ ይችላል። ደብተራችሁን በአማርኛ ጻፉ፣ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኗት እህት ላኩ፣ ስልክ ቢወሰድ እዛ ይገኛል። የገጻችን አድሚኖች ደግሞ ፈቃዳችሁ ከሆነ በዓመት አንዴ ስም ሳትጠቅሱ ደምራችሁ ለጥፉልን። በሚቀጥለው ዓመት እናወዳድረዋለን፣ የዛን ጊዜ ህጉ እኛ ያለንበት ወጥ ቤት ድረስ መግባት አለመግባቱን ራሳችን እናያለን።

ልጀምረው፦ ሳዑዲ፣ በዚህ ዓመት። ኮንትራቱ 10 ሰዓት ይላል፣ የምሰራው 13 ነው። በወር ሁለት አርብ አርፋለሁ። ደሞዜ በባንክ በወሩ መጨረሻ ይገባል። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው።

የናንተስ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስልክ ላልያዘች እህታችሁም ጠይቃችሁ ጻፉላት። አላህም እግዚአብሔርም ለአገራችን መሬት በሰላም ያብቃን።