ለተማሪ ጠመንጃ ከማስጨበጥ በፊት

ጦርነት በአገራችን በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ አብሮት ይነሣል፤ ይኸውም «ተማሪው ተኩስ ይማር» የሚለው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብና በየአካባቢው ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ በተጠየቀ ጊዜ፥ ይኸው ሐሳብ በውጭ አገር ባሉ ስብሰባዎቻችን ላይ በጭብጨባ ሲደገፍ ሰምተናል። ካጨበጨቡት መካከል ግን ለመመለስ ቲኬት የቆረጠ አላየንም። ያ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል ቆመ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ ጭብጨባው ጋብ ባለበት ሰዓት ነገሩን መመርመር ግዴታችን ነው።

ይህን ስንል ጠመንጃ መያዝ ኃጢአት ነው የሚል እምነት ይዘን አይደለም። የዓድዋ ዘማቾች አገራቸውን ያቆዩት በምርቃት ብቻ አልነበረም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ተማሪውን ማን ያስተምረዋል? በማን ላይ ይተኩስ ዘንድ? ተኩሱ ሲያበቃስ ጠመንጃው ወዴት ይመለሳል? ለእነዚህ ለሦስቱ መልስ የሌለው ሰው ስለ ኮርስ ሊያወራ አይገባውም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚኖርበት በአሜሪካ አገር ሲቪሎችን ተኩስ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ለዚሁ ተግባር የሚሆን ቦርድ በምክር ቤቱ ውሳኔ የተቋቋመው በ1903 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ሥራው ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለትርፍ ወደማይሠራ ድርጅት የተላለፈው ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ጸሐፊው በማያውቀው ነገር እንዳይከራከር ብሎ ለሲቪል ተማሪዎች ከሚሰጡት ኮርሶች በአንዱ ተመዝግቦ ተምሯል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጥይት አልተተኰሰችም። ቀኑን ሙሉ የተደጋገሙት አራት ሕጎች ነበሩ፦ ማንኛውንም ጠመንጃ ጥይት እንደ ጐረሰ ቁጠረው፤ ልታጠፋው በማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዙን አታዙር፤ ለመተኰስ እስክትወስን ድረስ ጣትህን ከምላጩ አርቅ፤ ዒላማህን ለይ፥ ከዒላማህ በስተጀርባ ያለውንም እወቅ። በሁለተኛው ቀን ሰደፉን ከትከሻ ማጣበቅ፥ ትንፋሽን መግታት፥ ምላጩን ሳይነጥቁ ቀስ አድርጎ መሳብ ተማርን። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን መታን።

እንግዲህ እውነቱ ይነገር። የቆመ ወረቀት መምታት በሦስት ቀን ይለመዳል። ከአራቱ ሕጎች ሦስቱን ማንኛውም ጥሩ አሠልጣኝ ሊያስተምር ይችላል፤ አራተኛውን ግን የተኩስ ሜዳ አያስተምረውም። በተኩስ ሜዳ ከዒላማው በስተጀርባ ያለው የአፈር ክምር ነው። በከተሞቻችን ሰፈሮች ከዒላማው በስተጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ልጆች የተኙበት መደብ አለ። የክላሽንኮቭን ጥይት ጭቃና ቆርቆሮ አይመልሰውም። «ዒላማህን ለይ» የሚለውስ? በወንድማማቾች ጦርነት ዒላማው አንተ የለበስኸውን ለብሶ፥ አንተ የምትናገረውን ቋንቋ ይናገራል። እርሱን መለየት የዓይን ሥራ አይደለም፤ የፖለቲካ ፍርድ ነው። ያን ፍርድ ደግሞ ተማሪው እንዲሰጥ አይፈቀድለትም፤ ሌላ ሰው ፈርዶ ጣቱን ብቻ ይዋሰዋል።

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ክርክር ያቀርባሉ።

አንደኛ፥ «የሆለታ ልጆችስ?» ይሉናል። መልካም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት በጥር 1927 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከተፈሪ መኰንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤቶች የመጡ ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወረራው ደረሰባቸው። ከማይጨው በኋላ ከእነርሱ መካከል የነበሩት ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው በወለጋ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩ ሕገ ደንብ ነበረው፤ በዚያም የፖለቲካው አመራር ከጦሩ አመራር በላይ እንዲሆን፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይጐሳቈል ደነገገ። ጠላታቸው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ ስለ ነበረ ማንነቱን የሚነግራቸው ካድሬ አላስፈለጋቸውም። ይህም ሁሉ ሆኖ ዋጋው ከባድ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ የሆለታ ልጆችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ዛሬ የእነርሱን ስም የሚጠራ ሁሉ ሕገ ደንባቸውንም ይጥራ። ጠመንጃውን ብቻ መዝዞ ሕጉን መተው ታሪክን መዝረፍ ነው።

ሁለተኛ፥ ስዊስን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በስዊስ አገር ወታደሩ ጠመንጃውን በቤቱ ያኖራል፤ ወጣቶችም በፈቃዳቸው የተኩስ ኮርስ ይገባሉ። ነገር ግን በ2007 እ.ኤ.አ. በየቤቱ የተቀመጠው የጦር ጥይት ወደ ግምጃ ቤት እንዲመለስ ተወሰነ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠመንጃው ራሱ ከቤት ይውጣ ወይስ ይቈይ የሚለው ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ሕዝቡም ይቈይ አለ። በዚያ አገር ስለ ጠመንጃው የሚወስነው ጠመንጃውን የያዘው ዜጋ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ እንኳ ተጠይቆ አያውቅም። መብቱን ትቶ መሣሪያውን ብቻ መቅዳት ስዊስ አያደርግም።

ሦስተኛው ክርክር «ጠመንጃ ወጣቱን ሥነ ሥርዓት ያስይዘዋል» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ከራሳችን ቤት እናመጣለን። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌዎች የጥበቃ ጓድ እንዲያስታጥቁ በተፈቀደ ጊዜ ጠመንጃ የደረሳቸው ወጣቶች የትናንት የክፍል ጓደኞቻቸውን ከየቤታቸው አወጡ። ሚያዝያ 21 ቀን በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ይህን ጥፋት በደርግ ላይ ብቻ ጥለን እጃችንን ልንታጠብ አንችልም። ጠመንጃ ያነሣው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ በተማሪው ማኅበር ውስጥ በብዕር የተጀመረው ክርክር በሽጉጥ ተደመደመ። ይህ የተማሪው እንቅስቃሴ የራሱ ቍስል ነው፤ ቍስሉን የደበቀ ሰው ዛሬ አስተማሪ ሊሆን አይችልም።

የብላቴውም ነገር አይረሳ። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በሲዳሞ ወደሚገኘው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላከ። ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሠልጣኞቹን ሊጐበኝ ነው ተብሎ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሣ። አውሮፕላኑ ወደ ናይሮቢ ዞረ፤ ሰውየው ከዚያ ወደ ሐራሬ አለፈ። «ለአገርህ ሙት» የተባለው ተማሪ ግን በብላቴ ቀረ። ከሳምንት በኋላ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ከሠልጣኞቹም ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ሥነ ሥርዓት የጐደለው የትኛው ነበር? ሠልጣኙ ወይስ ላኪው?

ከመረብ ማዶ ያሉት ወንድሞቻችን ዕጣም ትምህርት ይሁነን። በኤርትራ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት ሕግ የወሰነው አሥራ ስምንት ወር ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻ ዓመቱን በሳዋ ሰፈር እንዲጨርስ ተደረገ፤ አሥራ ስምንቱ ወርም ለብዙዎች ማለቂያ የሌለው ሆነ። ትምህርት ቤትና የጦር ሰፈር አንድ አጥር ሲታጠሩ የሚቀረው ሰፈሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አይደለም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። አንደኛ፥ የተኩስ ሥልጠና ለመመዝገብም ሆነ ለመመረቅ ቅድመ ሁኔታ አይሁን፤ ፈቃደኛ የሆነ ይግባ፥ እምቢ ያለም አይቀጣ። ሁለተኛ፥ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ማንም ወጣት አይነካ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት መብት ተጨማሪ ፕሮቶኮል በግዳጅ ለሚመለመል የወሰነው ዝቅተኛ ዕድሜ ይኸው ነው። ሦስተኛ፥ የሚወጣው ጠመንጃና ጥይት ይቈጠር፤ የሚመለስበት ቀንና ተረካቢው አስቀድሞ ይታወቅ። አራተኛ፥ ከኮርሱ በፊት ሕጉ ይቅደም፤ የሲቪሉ ሥልጣን ከጦሩ በላይ መሆኑ፥ ገበሬና ምርኮኛ አለመነካታቸው እንደ ጥቁር አንበሳ በጽሑፍ ይደንገግ። ይህን የማይቀበል አሠልጣኝ የሚፈልገው ዜጋ ሳይሆን ጣት ነው።

በውጭ ያለን ወገኖች! ራሳችን ለማንገባበት ጦር ሜዳ የሌላውን ልጅ መመልመል አርበኝነት አይባልም። ገንዘባችንን ለቈሰለው ሕክምናና ለተዘጋው ትምህርት ቤት እናውለው።

በአገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች! ጠመንጃ ሊያስጨብጣችሁ የሚመጣውን ሰው ከመዝገቡ በፊት «የአንተ ልጅ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳትሰሙ አትፈርሙ።