አሮጌውን ላፕቶፕ ከመጣልዎ በፊት ኪስዎን ይፈትሹ

እንደሚታወቀው እዚህ አሜሪካ በሱቅም ሆነ በታክሲ ሥራ የተሰማራው ወገናችን ዕቃ አይጥልም። ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛው ላፕቶፕ ዛሬም ከካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ወይም ከታክሲው ወንበር ሥር ይገኛል። የዕቃ ሒሳብ ይያዝበታል፣ ደረሰኝ ይመዘገብበታል፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላበታል። ችግሩ የሚመጣው ከቤትና ከሱቅ ዋይፋይ ውጭ፣ በስልክ ኔትወርክ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ሲፈለግ ነው። ያን ጊዜ የድሮው ዩኤስቢ ሞደም ይሰካል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ባለቤቱ ወደ ስልክ መደብር ይሄዳል። ሻጩም «ላፕቶፑ አርጅቷል፤ አዲስ ከነመስመሩ ውሰድ» ይለዋል። ውሉ ተፈርሞ ይወጣል።

በበኩሌ ይህ ፊርማ ብዙውን ጊዜ አላስፈላጊ ነው እላለሁ። ያረጀው ላፕቶፑ ሳይሆን ሞደሙ ይነጋገርበት የነበረው ኔትወርክ ነው። መፍትሔውም በአብዛኛው በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በኪስዎ ውስጥ ይገኛል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ይሸጡ የነበሩት ሞደሞች በአብዛኛው የሚሠሩት 3ጂ በሚባለው ኔትወርክ ብቻ ነበር። ይህ ኔትወርክ በትልልቆቹ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል። ኤቲ ኤንድ ቲ ፌብሩዋሪ 22 ቀን ዘጋ፤ ቲ-ሞባይል ከስፕሪንት የወረሰውን ከማርች 31፣ የራሱን ደግሞ ከጁላይ 1 ጀምሮ መዝጋት ያዘ፤ ቬራይዘን በዲሴምበር 31 ጨረሰ። ኩባንያዎቹ ይህን ያደረጉት የአየር ሞገዱን ለ4ጂና ለ5ጂ ለማዋል ነው። እንግዲህ ሞደምዎ 3ጂ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የቱንም ሲም ካርድ ቢከቱበት አይነሣም። ቴክኒሻን ከፍሎ ማሠራትም ገንዘብ ማባከን ነው። 4ጂ ወይም ኤልቲኢ የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ተስፋ አለው። ሲም ከመግዛትዎ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ባለ 15 አሐዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ለኩባንያው ሰጥተው ይቀበሉት እንደሆነ ይጠይቁ።

አንዳንድ ላፕቶፖች ከባትሪው ሥር የራሳቸው የሲም ካርድ ቦታ አላቸው። «የውስጡን ካርድ በአዲስ 4ጂ ካርድ ልቀይረው» የሚል ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። በርከት ያሉ የቀድሞ ሌኖቮና ኤችፒ ላፕቶፖች ፋብሪካው ከመዘገበው ካርድ ሌላ ሲገባባቸው አንነሣም ይላሉ። ርካሽ መስሎ የተገዛው ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቀላሉ መንገድ ስልክዎን ራሱን ሞደም ማድረግ ነው። ይህም በሁለት ዓይነት ይሆናል።

አንደኛው በገመድ ነው፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ የምመርጠውም ይህንን ነው። ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ዳታ በሚያስተላልፍ የቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙት። ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሆትስፖት በሚናገረው ክፍል «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ይክፈቱ። ላፕቶፑ እንደ ማንኛውም የኢንተርኔት ገመድ ይቀበለዋል፤ የላፕቶፑ ዋይፋይ ቢበላሽ እንኳ ይሠራል፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ይሆናል። አይፎን ከሆነ «ፐርሰናል ሆትስፖት» የሚለውን ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ በገመድ እንዲሠራ ግን አስቀድሞ አይቱንስን መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ገመዱ ኃይል ብቻ የሚሰጥ ርካሽ ገመድ ከሆነ ግን ምንም አይመጣም። «አልሠራም» ከማለትዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ።

ሁለተኛው በዋይፋይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው፤ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ ሊያሠራጩ ይችላሉ። ስለዚህ የስልኩ ስም በላፕቶፑ ላይ ጨርሶ አይታይም፤ ባለቤቱም ላፕቶፑ ሞተ ብሎ ይደመድማል። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ስልኮች በሆትስፖቱ ገጽ ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያብሩ። በአንድሮይድ ደግሞ የሆትስፖቱን ሞገድ ወደ 2.4 ይለውጡ። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ የሆትስፖቱን የይለፍ ቃል ጥበቃ ወደ ደብልዩፒኤ2 ይመልሱት፤ የድሮ ላፕቶፖች አዲሱን ደብልዩፒኤ3 ላያውቁት ይችላሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «አንሊሚትድ» የሚል ቃል በውሉ ላይ ስላለ ሆትስፖቱም ያለ ገደብ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ውሎች ለሆትስፖት የተወሰነ ጊጋባይት ብቻ በሙሉ ፍጥነት ይሰጡና ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን እጅግ ዝቅ ያደርጉታል። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይፈቅዱም። ስለዚህ ለኩባንያው ደውለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «በወር ለሆትስፖት ስንት ጊጋባይት በሙሉ ፍጥነት አለኝ?» መልሱን ካገኙ በኋላ በዊንዶውስ 10 ላይ ያንን ግንኙነት «ሚተርድ ኮኔክሽን» ብለው ይመዝግቡት። ይህ ካልተደረገ ላፕቶፑ በጀርባ በኩል ማሻሻያ ሲያወርድ የወር ድርሻዎን በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።

«ነጻ» ስለሚባለው ላፕቶፕና ታብሌትም አንድ ቃል ልበል። እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ የዕቃው ዋጋ ለ24 ወይም ለ36 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ ተመላሽ የሚደረግበት ውል ነው። መስመሩን በመካከሉ ከዘጉ ተመላሹ ይቆምና የቀረው ዕዳ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ገቢው እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ለሚል ባለታክሲና ባለሱቅ የሦስት ዓመት ግዴታ ቀላል ነገር አይደለም። በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የመንግሥት የኢንተርኔት ፕሮግራምም ጁን 1 ቀን 2024 አብቅቷል፤ በእሱ ስም የሚመጣ ማስታወቂያ ካዩ ይጠንቀቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ላይፍላይን የተባለው ሌላ ፕሮግራም በወር እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይቀንሳል። በተጨማሪም ከስልክዎ ክፍያ ለሥራ የዋለውን ድርሻ በዓመቱ ታክስ፣ በስኬጁል ሲ ላይ እንደ ወጪ ማስያዝ ስለሚቻል ደረሰኙን አይጣሉ።

ይሁንና «አዲስ ግዛና ተገላገል» የሚሉትም ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ እሱም የደኅንነት ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ጥበቃ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ ጥበቃ የሰጠው ለተመዘገቡት ብቻ ነው። ጥበቃ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ መጻፍ የሱቅን በር ሳይቆልፉ እንደ ማደር ነው። ነገር ግን ለዚህም ቢሆን የግድ አዲስ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነጻ ሲስተም በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ይሠራል፤ በገመድ የተገናኘ አንድሮይድ ስልክንም ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይቀበላል። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ካለዎት ግን አይሆንዎትም፤ ያን ጊዜ አዲስ መግዛቱ ተገቢ ነው። አስቀድመው ፋይልዎን በሌላ ዕቃ ላይ ይገልብጡ፤ ሥራውንም ለሚያውቅ ሰው ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ያሠሩት።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም። ቤት የቀየረ የውጭ አገር ዜጋ አዲሱን አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ይህም በኢንተርኔት ይደረጋል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 በወጣው የዋጋ ደንብ የዜግነት ማመልከቻ በወረቀት 760 ዶላር፣ በኢንተርኔት 710 ዶላር ሆኗል። ባለታክሲው በኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ፣ ባለሱቁም ደንበኛ ሲሳሳ ይህን በራሱ ላፕቶፕና በራሱ ሆትስፖት መሥራት ይችላል። ማንም በሚገባበት የካፌ ዋይፋይ ላይ ከመሥራትም ይሻላል። ልጅዎ ቢረዳዎ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይልና በእርስዎ ስልክ ቁጥር ይከፈት። ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ ፋይልዎ አብሮት መሄድ የለበትም።

ባለሱቆች ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። የሱቁ የኬብል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የክሬዲት ካርድና የፉድ ስታምፕ ማሽኑ አብሮ ይቆማል፤ ደንበኛም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ማሽንዎ ዋይፋይ የሚቀበል ከሆነ ያው የስልክዎ ሆትስፖት የዕለቱን ገበያ ሊያተርፍልዎ ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚሞከረው ወረፋው በተሰለፈበት ቅዳሜ ሳይሆን ገበያ በሌለበት ሰዓት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሱቁን ከዘጉ ወይም ታክሲውን ካቆሙ በኋላ አሥር ደቂቃ ይስጡት። ገመዱን ይሰኩ፣ ቴዘሪንጉን ይክፈቱ፣ አንድ ገጽ ይክፈቱ። ከሠራ ወደ መደብሩ መሄድ አያስፈልግዎትም። ካልሠራም ምን እንደጎደለ አውቀው ይሄዳሉ፤ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ በቀላሉ አይፈርምም።