ሰባት ቤት ቁጠር ሲባል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተወጊው ያልረሳውን ነገር ወዴት እንደሚያኖረው ግን ተረቱ አይነግረንም። ለዚህ አባቶቻችን ሌላ ቃል አላቸው፤ «ሆድ ካገር ይሰፋል» ይላሉ። ሁሉን ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት የትልቅ ሰው ምልክት ነው ማለታቸው ነው። እኔ ግን ይህ ምክር በአንዳንድ ቁስል ላይ ሲሠራ አላየሁም። ዛሬ የማጫውታችሁ ከነዚህ ቁስሎች ስለ አንዱ ነው፤ ሰው በሕግ ነፃ ከወጣ በኋላ በልጅ ልጆቹ ልብ ውስጥ ስለሚቀረው የባርነት ቁስል።

የምጽፍላችሁ ከአማን ነው። አማን ከጎረቤቷ ከሚዛን ተፈሪ ጋር ተዋሕዳ ዛሬ ሚዛን አማን የምትባል አንዲት ከተማ ሆናለች። ከዚህ ተነሥቶ እስከ ቴፒ ድረስ ያለው አገር የቡና አገር ነው፤ የበበቃና የቴፒ እርሻ ስም በቡና ነጋዴ ሁሉ አፍ ይጠራል። አንድ ዘመን ግን ከዚህ ደን ተጭኖ ይወጣ ከነበረው ነገር ዋናው ቡና አልነበረም፤ ሰውና የዝሆን ጥርስ ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ፥ በዚያን ጊዜ ሌሎች ግሚራ እያሉ ይጠሩት የነበረው የቤንች አገርና በማጂ ዙሪያ ያለው የዲዚ አገር ለባሪያ ፈንጋይ ክፍት ሆነ። በ1912 እ.ኤ.አ. ልጅ ኢያሱ ወደ ግሚራ የዘመቱበት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ተግዞ የተነዳበት ነበር። መንደር ሙሉ ባዶ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ባሪያ መያዝም ሆነ መሸጥ ከሰሜን በመጣው ጦር አልተጀመረም፤ የከፋ ነገሥታትም ባሪያ ነበራቸው፤ በጅማ የሂርማታ ገበያም ሻጩም ገዢውም የቅርብ ሰው ነበር። እጁ ንጹሕ የነበረ ጌታ በየወገኑ ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ አላወራም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ግን የነበረውን ባሪያ ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈታ አልነበረም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፥ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በዚያ ቀን የሰው ልጅ ከሰው ንብረትነት ወጣ። ደስ ይላል። ግን አዋጅ ነጋሪት ሲጎሰም የሚሰማው በጆሮ ነው፤ ውስጥ ድረስ ለመግባት የሚፈጅበትን ጊዜ ማንም አልለካውም።

እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። በአገራችን ልጅ ሲያድግ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ይማራል፤ አባት፥ አያት፥ ቅድመ አያት፥ ምንጅላት እያለ ይወጣል። ለጋብቻ ያስፈልጋል፤ ለክብርም ያስፈልጋል። መምህር ነኝና በክፍል ውስጥ ልጆች በዚህ ሲፎካከሩ አይቻለሁ። አንዱ እስከ ስምንተኛው ድረስ እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብለዋል። ሌላው ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ረስቶ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚነግረው ሰው የለም፤ ወይም የሚያውቀው ሰው አይናገርም። በቤት ውስጥ ነገሩ ሲነሣ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተወው፥ ይቅርብህ» ትላለች። ልጁ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ግን ያውቃል። ስለዚህ በራሱ ላይ ያለ ነውር ይመስለዋል። ይህ ልጅ በአማን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በጅማም በደብረ ማርቆስም በአዲስ አበባም በየትምህርት ቤቱ ተቀምጧል፤ የተነዳው ሰው ተነድቶ የደረሰው እዚያ ድረስ ነውና።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። የፈንጋዩ የልጅ ልጅ የአያቱን ዘመቻ በጠላ ቤት ጮክ ብሎ ይተርካል፤ በየትኛው በቅሎ፥ በየትኛው ጠመንጃ እንደ ዘመቱ ሁሉ ያውቃል። የተፈነገለችው ሴት የልጅ ልጅ ደግሞ በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ አንገቱን ይደፋል። ማፈር የነበረበት ማን ነበር?

ይህ የእኛ ብቻ ደዌ አይደለም። በአሜሪካ አገር ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁሮች፥ ባልና ሚስት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፥ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት በቀለማቸው ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶች እያሳዩ «ደግ የሆነው የትኛው ነው? መጥፎውስ?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ የሚበዙት ነጩን ደግ፥ ጥቁሩን መጥፎ አሉ። ቀጥሎ «አንተን የሚመስለውስ?» ተባሉ፤ ያን ጊዜ አልቅሰው ከክፍሉ ሮጠው የወጡ ሕፃናት ነበሩ። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ይህን የመሰለውን ጥናት ጠቅሷል። እነዚያን ሕፃናት ማንም ቁጭ ብሎ «አንተ መጥፎ ነህ» ብሎ አላስተማራቸውም፤ ከአየሩ ነው የተማሩት።

እኛስ? እኛ አሻንጉሊት አያስፈልገንም፤ ቋንቋችን ይበቃል። ሙሽራ ስትመረጥ «ቀይ ናት» ማለት ምስጋና ነው፤ «ጠይም ናት» ሲባል «ግን ደም ግባት አላት» ይከተላል፤ «ጥቁር» ሲባል ድምፅ ይወርዳል። ጥቁረት ከባርነት ጋር በአንድ ገመድ የታሰረበት ዘመን ስላለፈ ቃሉ አልተፈታም። ለዚህም ነው ዛሬ በየሱቁ የቆዳ ማንጫ ቅባት የሚቸበቸበው፤ ገላን ለሚያቃጥል ነገር ገንዘብ የሚከፈለው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ሲወረን በኒው ዮርክ፥ በጃማይካና በምዕራብ አፍሪካ ያሉ ጥቁሮች ስለ እኛ አደባባይ ወጥተው አልቅሰዋል፤ ገንዘብም አዋጥተዋል። ዶክተር መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩና ጥቁር አሜሪካዊና ኢትዮጵያዊ ወንድማማች ነው ብለው በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የነፃነት ምልክት አድርጎ የሚያየን ያ ሁሉ ሕዝብ ባሪያው ገና በየቤታችን ውኃ ሲቀዳ ቢያየን ምን ይል ነበር? ይህን ጥያቄ ማንሣት አገርን መጥላት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም።

እንግዲህ ቁስሉ ካለ መድኃኒቱ ምንድር ነው? ፍራንዝ ፋኖን የተባለ የማርቲኒክ ተወላጅ የአእምሮ ሐኪም በአልጄሪያ በብሊዳ ሆስፒታል ሦስት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቀቀ። ሰው በገዛ አገሩ በየቀኑ እየተዋረደ አእምሮውን በሆስፒታል ውስጥ ማዳን አይቻልም ብሎ ነበር። እውነት አለው። ግን ሁሉም ነገር እስኪስተካከል ድረስ የተጎዳው ሰው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ለዚህ ምሳሌ የማደርገው ከውጭ አገር አላመጣም፤ ከዚሁ ከቡናው አገር ነው።

አስቴር ጋኖ ነፃ ተወልዳ፥ ገና በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ የሆነች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙና ነፃ አወጧት። በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ አናሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም ከኢሉባቦር፥ ከሁሩሙ አካባቢ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ሰው ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። «ነሲብ» የሰጡት ነጋዴዎቹ ናቸው፤ «አናሲሞስ» ደግሞ በጥምቀት ያገኘው፥ በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰው የባሪያ ስም ነው። አንድ ሰው ሦስት ስም ተሸክሞ፥ ሥራው የመጀመሪያውን ስም ሆኖ ተገኘ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ።

የአስቴር ሥራ ግን ለኔ ይበልጥ ይደንቀኛል። ከእናቷ ቤት የተነጠቀች ልጅ፥ በባዕድ አገር በባሕር ዳር ተቀምጣ፥ የአገሯን ተረትና እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ሰበሰበች። ከዚያም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. ለኦሮምኛ ተማሪዎች ማንበቢያ በሆነው መጽሐፍ ታተመ። ባሪያ ነጋዴው ጌጧን፥ ልብሷንና ነፃነቷን ወስዷል፤ እንቆቅልሹን ግን ሊወስድ አልቻለም፤ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አላወቀማ! በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ሲያስተምሩ ልጆቹ የተማሩት በዚያ ከሕፃንነት በዳነ ቃል ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመሥሪያ ቤት መስኮት ሕዝብ የምታስተናግዱ ናችሁ። ካፖርት ለብሶ የመጣውን «እርስዎ» ትሉታላችሁ። ከገጠር የመጣውን ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜው ከአያታችሁ ቢበልጥም «አንተ፥ ስምህ ማን ነው?» የሚለው ጸሐፊ አሁንም አለ። «እነሱም እኮ አንተ ይሉናል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለ ተማሩት ለሁሉም «አንተ» ይላሉ፤ ለዳኛውም ለሚስታቸውም። አማርኛን በእናቱ ጡት የጠጣ ሰው ግን ምክንያት የለውም። ስምንም እንደ ሰሙ መጻፍ ነው፤ «ይህስ ይከብዳል፥ ተስፋዬ ብዬሃለሁ» ብሎ በመዝገብ ላይ አዲስ ሰው መፍጠር በድሮ ጊዜ ብዙ ተደርጓል። የቤንች ሕዝብ ግሚራ መባሉ ቀርቶ በራሱ ስም ቤንች ሲባል አንዳንዱ «ምን ለውጥ አለው?» ይል ነበር። የገዛ ስሙን ማንም ያልነካበት ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል።

ሌላም አለ። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ፤ በአደን፥ በማር፥ በማገዶና በከሰል የኖሩ ናቸው። የዱር አውሬ ሥጋ ይበላሉ በሚል ምክንያት ሌላው ሰው ቤቱ አያስገባቸውም፤ አብሮ አይበላም፤ በአንድ ሲኒ ቡና አይጠጣም ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የዛሬው ሕገ መንግሥት በ24ኛው አንቀጽ የሰውን ክብር፥ በ25ኛው እኩልነትን ይጠብቃል፤ ሲኒ ግን በአንቀጽ አይታዘዝም። በየዓመቱ ኅዳር 29 በብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከበሮ ሲመታ አብረን እንጨፍራለን፤ ጭፈራው አይከፋም። ማታ ቤታችን ስንገባ ረከቦቱ ላይ ለማን ስንት ሲኒ እንደ ተቀመጠ ግን ማንም ፎቶግራፍ አያነሣም።

ለመምህራን ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር፤ ልጅን በጓደኞቹ ፊት «ዘርህን ቁጠር» አትበሉት። ዝም ማለት ቁስሉን ያመረቅዘዋል ብያለሁ፤ ያልተዘጋጀን ልጅ በግድ ማናገር ግን ቁስሉን በቆሻሻ እጅ መንካት ነው። እኔ ከዘር ይልቅ እንቆቅልሽ ነው የምጠይቀው። «ከቤት ካለው ከሁሉ ከሚያረጀው ሰው አንድ እንቆቅልሽ፥ ወይም አንድ ተረት፥ ወይም አንድ ዜማ በማንኛውም ቋንቋ ይዛችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። ቤንችኛ፥ ሸኮኛ፥ ከፍኛ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛ ይመጣል። ቤንችኛ የድምፅ ከፍታ ዝቅታ ብቻ ቃሉን የሚለውጥበት ቋንቋ መሆኑን ስነግራቸው የቤንች ልጆች ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

በዚህ ዓመት አንዲት ተማሪ ሦስት መሥመር የሕፃን ማባበያ ዜማ ይዛ መጣች። አያቷ ከእናታቸው፥ እናታቸውም ከእናታቸው የያዙት ነው፤ ትርጉሙን በቤቱ የሚያውቅ የለም፤ ቋንቋው ምን እንደ ሆነም አያውቁም። ልጅቱ ቆማ በቀስታ አዜመችው። ከኋላ ወንበር ከማጂ የመጣ አንድ የዲዚ ልጅ እጁን አነሣና «ሁለቱን ቃላት አውቃቸዋለሁ፤ ሦስተኛውን አያቴ ሳያውቁት አይቀሩም» አለ። አያቱ ለጥምቀት ወደ አማን ይመጣሉ። ልጅቱ የራሷን አያት ይዛ ሄዳ በእሳቸው ፊት ልታዜመው ተስማምተዋል፤ እስከዚያ እንዳይጠፋባት በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በፊደል እንደ ሰማችው ጽፋዋለች።